«ሁሉም ትከስሪያለሽ ይሉኛል»፦ በኔትወርክ ማርኬቲንግ ጥርጣሬዬን ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው። ኔትወርክ ማርኬቲንግ (ምርት እየሸጡ ሌላ ሻጭም እያስገቡ ኮሚሽን የሚያገኙበትን ሥራ) ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። የምንሸጠው የውበት መጠበቂያና የምግብ ማሟያ ነው። ምርቱን ራሴም እወደዋለሁ። ግን ካስገባኋቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ ተበትነዋል። ታላቅ እህቴ ‹ፒራሚድ ነው፣ ገንዘብሽን እየበሉሽ ነው› ትለኛለች። አፕላይኔ (ወደ ሥራው ያስገባኝ ሰው) ደግሞ ‹ኔጋቲቭ ሰው ከአጠገብሽ አርቂ፤ የሚወድቁት የሚጠራጠሩት ናቸው› ይለኛል። አሁን ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንድገባ ተበድሬ ትልቁን ፓኬጅ እንድገዛ እየወተወተኝ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጥርጣሬዬን አሸንፌ እንዴት ልሳካ? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አንዱን አስቀድሜ ልመልስልሽ። ተበድረሽ ፓኬጅ አትግዢ። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ አፕላይንሽ ቢደውልልሽ መልሱ በእጅሽ ይኑር ብዬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በኔትወርክ ማርኬቲንግ መሳካት ይቻላል። የቀጥታ ሽያጭ ሰዎችን ሒሳብ እያየሁ ማማከር ሥራዬ ነው። በዚህ ሥራ ቤታቸውን የሚደጉሙ፣ ጥቂቶቹም ሙሉ ለሙሉ የሚተዳደሩበት ሰዎች አውቃለሁ። ከእነሱ መካከል ግን ጥርጣሬን «አሸንፎ» የተሳካለት ሰው አላየሁም። ጥርጣሬያቸውን ሰምተውታል። ቁጭ ብለው በሒሳብ መልሰውለታል። ሒሳቡ አልገጥም ሲላቸው ደግሞ አሠራራቸውን ቀይረዋል። አንቺም እንቅልፍ ያጣሽው ደካማ ስለሆንሽ አይደለም። የሆነ ነገር አልተዋጠልሽም። ያንን ስሜት አትግደዪው፣ ትፈልጊዋለሽ።

እህትሽም ከመሬት ተነስታ አትፈራም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2018 ኤኤአርፒ ፋውንዴሽን የተባለ የአሜሪካ የአረጋውያን ድርጅት በዚህ ሥራ የተሳተፉ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 47 በመቶው ከስረናል አሉ። 27 በመቶው አላተረፍንም፣ አልከሰርንም አሉ። አተረፍን ያሉት 25 በመቶ ነበሩ። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች 70 የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያዎች ያወጧቸውን የገቢ መግለጫዎች መረመሩ። ያገኙት ውጤት ልብ ይነካል። አብዛኛው ተሳታፊ በዓመት ያገኘው 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው። ቢያንስ በ17ቱ ኩባንያዎች ደግሞ አብዛኛው ሰው ምንም አላገኘም።

ይህም ወጪ ሳይቀነስ ነው። የገቢ መግለጫ ሲሰጡሽ ትልቁን ቁጥር ትተሽ ግርጌ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። ብዙዎቹ መግለጫዎች ሰውዬው ለምርት፣ ለስልጠናና ለመንገድ ያወጣውን አይቆጥሩም። አንዳንዶቹ ምንም ያላገኙትን «አክቲቭ አይደሉም» ብለው ከሒሳቡ ያወጧቸዋል። ደካማውን ከመዝገብ ካወጣሽ አማካዩ ከፍ ይላል፤ ማንም ግን አንድ ሳንቲም አልጨመረም። አማካይ ገቢ ራሱ ያሳስታል። ላይ ያሉ ጥቂት ሰዎች በጣም ብዙ ካገኙ ታች ያለው ብዙ ሰው ባዶ እጁን ሆኖም አማካዩ ደህና ይመስላል። ስለዚህ ጥያቄሽ «አማካይ ገቢው ስንት ነው?» አይሁን። «መቶ ሰው በገቢው ተራ ቢሰለፍ ሃምሳኛው ሰው ስንት ያገኛል? ወጪውስ?» ብለሽ ጠይቂ።

ከሌላው ወገን ደግሞ «99 በመቶው ይከስራል» የሚለውን ሳትሰሚ አልቀረሽም። እህትሽም ብላሽ ይሆናል። ይህ ቁጥር የአንድ ተመራማሪ፣ የጆን ቴይለር ስሌት ነው። ሰነዱ በንግድ ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኝ ሰው የኮሚሽኑ ጥናት ይመስለዋል። አይደለም። ሰው የሚመለመልበት አዳራሽም የተቃዋሚውም ወገን የሚጯጯኸው በተጋነነ ቁጥር ነው። የአንቺ ኑሮ የሚወሰነው ግን በአንቺ ደብተር ነው። ስለዚህ ወደ ደብተሩ እንሂድ።

አንድ የአከፋፋይ ወር ላሳይሽ። ቁጥሩ ለምሳሌ የተቀመረ ነው፤ አካሄዱ ግን በየጊዜው ከማየው የሚለይ አይደለም። በየትኛውም ገንዘብ አስቢው። ይህች ሴት በወሩ ኮሚሽንና ቦነስ 300 ደረሳት። በእጇ ሸጣ ያተረፈችው 120 ነው። ገቢዋ 420 ሆነ። አፕላይኗም ቲሟም የሚያውቁት ይህንን 420 ነው። ለአዲስ ሰው ፕረዘንቴሽን ስታደርግም የምታሳየው እሱን ነው። አሁን ወጪውን እንይ። አክቲቭ ሆና ለመቆየት (ኮሚሽኗ እንዳይቋረጥ) ከኪሷ የገዛችው ምርት 250። የስልጠና መግቢያ 60። ትራንስፖርት 80። ስልክና ኢንተርኔት 40። ሰው እንዲሞክረው በነፃ የሰጠችው 50። ድምሩ 480 ነው። 60 ከስራለች።

እሷ ግን «ምርቱን እኮ እጠቀምበታለሁ» ትላለች። ልክ ናት፣ ይቆጠርላት። ሥራው ባይኖርም ትገዛው የነበረው ምን ያህሉን ነው ብዬ ስጠይቃት ትንሽ አስባ 70 ትላለች። 70ውን ብናነሳላት ትርፏ 10 ይሆናል። የቀረው 180 መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ የመጠቀሚያ ጊዜውም እያለቀ ነው። ወሩን ሙሉ የሠራችበት ሰዓት 60 ከሆነ ደግሞ የስድስት ሰዓት ድካሟ አንድ አስገኘላት ማለት ነው። ሰነፍ አይደለችም። አፏም ይጣፍጣል፤ ሰውም ይወዳታል። ያን ያህል የጎዳት ያ 250 ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። አዲስ ሰው አታስገባ። ቲሟም አይደግ። በየወሩ ማሟላት ያለባትን ፖይንት (የግዢ ነጥብ) ከኪሷ በመግዛት ፈንታ ከቡድኑ ውጭ ባሉ ደንበኞች ትዕዛዝ ትሙላው። 250ው ከወጪ ይወጣል። የቀረው ወጪ 230 ነው። 420 ሲቀነስ 230፣ 190 ይሆናል። የአዲሶቹ ትዕዛዞች የችርቻሮ ትርፍ ደግሞ ከላዩ ይጨመራል። ያው ሴት፣ ያው ኩባንያ፣ ያው ቲም። የተለወጠው ዕቃውን የሚገዛው ሰው ነው።

የምነግርሽ ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። በዚህ ሥራ የሚሳካለት ሰው ምንም የገቢ ተስፋ ሳይኖረው ምርቱን ብቻ ፈልጎ የሚገዛ ደንበኛ ያለው ሰው ነው። ደንበኛው ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ መሆን አለበት። የስምንት ወር ደብተርሽን አውጪና ቁጠሪያቸው። ቲምሽ ውስጥ ያልገባ፣ ዘመድ ስለሆነ አዝኖልሽ ያልገዛ፣ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ያዘዘ ሰው ስንት አለሽ? አፕላይንሽ ይህንን ጠይቆሽ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ያስገባሻቸው ሰዎች ለምን እንደተበተኑም ከዚሁ ይገባሻል። የገቡት ምርት ፈልገው ሳይሆን ገቢ ፈልገው ነው። የመጀመሪያው ወር አለፈ። ገቢው አልመጣም። መግዛቱን አቆሙ። በቦርድ ላይ የምንስለው ዛፍ እንደዚያ ያለውን ሰው አያሳይም። «አንቺ ስድስት ሰው፣ እነሱም እያንዳንዳቸው ስድስት» የሚለውን ስሌት እስኪ እስከ መጨረሻው እንግፋው። 6፣ 36፣ 216፣ 1,296፣ 7,776። እዚህ ላይ አዳራሹ ያጨበጭባል። ስሌቱን ግን አሥራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስታደርሺው ከ13 ቢሊዮን ያልፋል። ዓለም ላይ ያን ያህል ሰው የለም። ስለዚህ ከታች ያለው ረድፍ ምንጊዜም ሰው አጥቶ ይቆማል፤ ከጠቅላላው ሰው አብዛኛው ያለው ደግሞ እዚያ ረድፍ ላይ ነው። ከታች ያለውን ሰው የሚያዋጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሱ በታች ማንም ሳይኖር፣ በመሸጥ ብቻ ማትረፍ ከቻለ። አንቺ ያስገባሻት ልጅ ያለ ዳውንላይን (ከሷ በታች የገባ ሰው ሳይኖራት) የምታተርፍበት መንገድ አላት? ካላት አትበተንም። ከሌላት ግን የቱንም ያህል ብታበረታቻት አትቆይም።

«ፒራሚድ ነው» ለሚለው የእህትሽ ቃል መመዘኛው ያው ደንበኛ ነው። የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን በ1975 ኮስኮት በተባለ የመዋቢያ ኩባንያ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ ያስቀመጠው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይገባል። ከዚያም ሌላ ሰው በማስገባቱ ይሸለማል። ሽልማቱ ዕቃው ለመጨረሻ ተጠቃሚ ከመሸጡ ጋር ካልተገናኘ ነገሩ ፒራሚድ ነው። ዕቃ መኖሩ ብቻ ነፃ አያወጣም። ኮስኮትም ዕቃ ነበረው።

በ1979 አምዌይ የተባለው የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያ ጉዳይ ሲታይ ኩባንያው ፒራሚድ አይደለም ተባለ። ለምን? ሦስት ደንቦች ነበሩት። አከፋፋዩ ያልሸጠውን ዕቃ መልሶ የሚገዛበት ደንብ ነበረው። ቦነስ ለማግኘት በወሩ ከገዛው ቢያንስ 70 በመቶውን መሸጥ ነበረበት። በየወሩም ቢያንስ ለ10 የተለያዩ የችርቻሮ ደንበኞች መሸጥ ይጠበቅበት ነበር። በዚያው ውሳኔ ግን ኮሚሽኑ የገቢ ማጋነኑን እንዲያቆም አዝዞታል፤ ይህኛው ክፍል መድረክ ላይ ብዙም አይነገርም። በ2016 ደግሞ ኸርባላይፍ የተባለው የምግብ ማሟያ ኩባንያ 200 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከኮሚሽኑ ጋር ተስማማ። በስምምነቱ መሠረት ለአከፋፋዮች ከሚከፈለው ሽልማት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በማስረጃ በተመዘገበ የችርቻሮ ሽያጭ ላይ እንዲመሠረት ተደረገ። በ2019 አድቮኬር የተባለ ሌላ ኩባንያ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የባለ ብዙ እርከን (የኔትወርክ ማርኬቲንግ) አሠራሩን ጭራሽ እንዲተው ተደረገ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁልሽ የአንቺ ኩባንያ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ራስሽ እንድታይ ነው። የክፍያ ዕቅዱን ወረቀት ዘርግተሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ዘንድሮ አንድም ሰው ሳላስገባ ምርት ብቻ ብሸጥ፣ ይህ ወረቀት ይከፍለኛል?» የሚከፍልሽ ከሆነ የምትቆሚበት መሬት አለሽ። የማይከፍልሽ ከሆነ ምርቱ የቱንም ያህል ቢያምር እህትሽ ልክ ናት፤ ወደዚያ ኩባንያ ሌላ ሰው ይዘሽ አትግቢ። የአገርሽንም ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ፤ አገር ከአገር ይለያያል። ቻይና በ1998 ባለ ብዙ እርከን ሽያጭን ጭራሽ አግዳለች።

ኩባንያሽ ይህን ፈተና ካለፈልሽ እንግዲህ ስለ ሥራው እናውራ። በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የሚሰለጥነው ማሳመን ላይ ነው። ገንዘቡ ያለው ግን መከታተል ላይ ነው። ከማውቃቸው ጎበዝ ሻጮች አንዷ የምትይዘው ተራ ደብተር ነው። በእያንዳንዱ ደንበኛ ስም ፊት ለፊት ምርቱ የሚያልቅበትን ቀን ትጽፋለች። የፊት ክሬሙ ስድስት ሳምንት የሚቆይ ከሆነ በአምስተኛው ሳምንት ትደውላለች። ስትደውል ስለ ሽያጭ አታነሳም። «ቆዳሽ እንዴት ሆነ? ማታ ማታ ነው ወይስ ጠዋትም ትቀቢዋለሽ?» ትላለች። ደንበኛዋ «ኧረ ትንሽ አሳክኮኛል» ካለች «አቁሚው፣ ሐኪም ይየው፣ የቀረውን መልሺልኝ» ትላታለች። ያንን ዕቃ መልሳ ትወስዳለች። ያቺ ደንበኛ ከሌላ ሰው ክሬም ትገዛለች ብለሽ ታስቢያለሽ? ቀጥሎ ሻምፖ ያዘዘችው ከሷው ነው፤ ጎረቤቷንም ላከቻት።

ስለ ጤና ካነሳን፣ ማሟያውን «ያድናል» ብለሽ አትሽጪ። በ2020 በኮሮና ጊዜ የንግድ ኮሚሽኑ ይህንን ያደረጉ ኩባንያዎችን በደብዳቤ አስጠንቅቋል፤ አከፋፋዮቻቸው የሚለጥፉትም የኩባንያው ኃላፊነት ነው ብሏል። ከሕጉም በላይ፣ መድኃኒቱን ትቶ ያንቺን ማሟያ የሚይዝ ሰው ሊሞት ይችላል።

ሰው ማስገባትስ? አስገቢ፣ ግን ከደንበኞችሽ መካከል። ምርቱን ስድስት ወር ተጠቅማ፣ ሁለት ሰው ልካልሽ፣ «እኔስ ብሸጠው?» ያለችሽን ሴት አስገቢ። ስትገባም የመጀመሪያ ሥራዋ አምስት ደንበኛ ማግኘት ይሁን። የአንቺን ደብተር ወጪውን ጨምረሽ አሳያት። ይህን ሁሉ አይታ ከገባች አትበተንም፤ ካልገባችም ደንበኛሽ ሆና ትቀጥላለች። በዚህ መንገድ ቲምሽ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። አፕላይንሽ «ዘገየሽ» ይልሻል። ይበል።

አሁን ወደ ብድሩ። አፕላይንሽ ክፉ ሰው ነው አልልም። ምናልባት ከልቡ ያምንበታል። ግን ያንን ፓኬጅ ስትገዢ ወዲያው ገንዘብ የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ ለአንቺ የሚደርስሽ ዕቃና ዕዳ ነው። ምክር በሚሰጥሽ ሰው ኪስ ውስጥ ያንቺ ውሳኔ ገንዘብ ካስገባ፣ ምክሩን ሌላ ሰው ይመዝንልሽ። ደግሞም በግዢ የተያዘ ደረጃ በሚቀጥለው ወር ሌላ ግዢ ይጠይቃል። ያቺ 250 አስታወስሻት? በብድር ደግሞ ወለድ ይጨመርባታል። ደረጃው ደንበኞችሽ ባዘዙት ቢመጣ ግን ማንም አይወስድብሽም፣ ወር በገባ ቁጥርም አያስጨንቅሽም። እንዲህ በይው፦ «በደንበኛ ትዕዛዝ ስደርስበት እገባለሁ። ተበድሬ አልገዛም።» ከዚያ በላይ ማስረዳት የለብሽም።

«ኔጋቲቭ ሰው አርቂ» ያለሽንም አልቀበልም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሰማኋቸው የዚህ ሙያ ምክሮች በጣም የሚያናድደኝ ይኼ ነው። በዚህ ምክር እህትማማቾች ሲኮራረፉ፣ ጓደኛሞች ስልክ ሳይነሳሱ ሲቀሩ አይቻለሁ። ሥራው ሄደ፣ ሰውም አብሮ ሄደ። የሚጠይቅሽን ሰው ሁሉ ካራቅሽ ዙሪያሽ የሚቀሩት ካንቺ ግዢ የሚያገኙ ሰዎች ብቻ ናቸው። ታላቅ እህትሽን ጥሪያት። ደብተሩን አብራችሁ ክፈቱት። «ስምንት ወር ሠርቻለሁ፣ ይኸው የገባው፣ ይኸው የወጣው። ከዚህ በኋላ በደንበኛ ብቻ ልሞክረው ነው፤ በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ካንቺ ጋር አየዋለሁ» በያት። አትከራከሪያት፣ ቪዲዮም አትላኪላት። ቁጥሩን ብቻ አሳያት። ሒሳብሽን ከማንም በላይ አጥብቃ የምታይልሽ እሷ ናት።

የምታቆሚበትንም ቀን ዛሬውኑ ወስኚ፤ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት። ከስብሰባ ወጥቶ እንዲህ ያለ ውሳኔ መወሰን ከባድ ነው። እኔ ብሆን ስድስት ወር እሰጠዋለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ከቡድን ውጭ ባሉ ደንበኞች ትዕዛዝ ብቻ ወርሃዊ ፖይንቱን ከሞላሽና ወጪሽን ከሸፈንሽ ቀጥዪ፤ ጥሩ ሥራ ይዘሻል። ካልሞላሽ አቁሚ። ማቆም ማለት መውደቅ አይደለም፤ የማያዋጣውን ዕቃ መሸጥ ያቆመ ነጋዴ ወደቀ አይባልም። ስታቆሚ ደግሞ ቤት ያለውን ዕቃ ዝም ብለሽ አትተዪው። የዓለም ቀጥታ ሽያጭ ማኅበራት ፌዴሬሽን የሥነ ምግባር ደንብ፣ አባል ኩባንያዎች ባለፉት 12 ወራት የተገዛና ለሽያጭ የሚበቃ ዕቃ መልሰው እንዲገዙ ያዛል። የሚቀንሱትም ከ10 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። አንቺ ከጀመርሽ ስምንት ወርሽ ስለሆነ ኩባንያሽ አባል ከሆነ ያልከፈትሽው ሁሉ የመመለሻ ጊዜው ገና አላለፈበትም። ውልሽ ላይ ዕቃ ስለመመለስ የሚለውን አንቀጽ ፈልጊ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ ደረሰኞችሽንም ያዢ።

አፕላይንሽ መልስ እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ። ለእሱ ከመመለስሽ በፊት አራት ቁጥር አውጪ፦ በስምንት ወር የገባልሽ፣ የወጣብሽ፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ፣ እና ከቡድን ውጭ ደጋግመው ያዘዙ ደንበኞች ብዛት። አራቱን ጻፊልኝ። የክፍያ ዕቅዱንም ፎቶ አንስተሽ ላኪው፤ ያለ ምልመላ የሚከፍል መሆኑን አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን።